የማይፈራ ሹፌር

እማዬ መዳፏን ግንባሯ ላይ አድርጋ በመኪናው መስኮት ወደ ውስጥ አየች። ዞራ በሌላኛው በኩልም አየች። ከዚያ ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

«ሹፌሩ የታለ?»

«የለውም።»

«ሽንት ቤት ሄዶ ነው?»

ፊኒክስ ነን፣ አሪዞና። አምና ከፋሲካ በኋላ የአክስቴ ልጅ ሠርግ ስለነበረ ከሜሪላንድ አብረን ሄድን። እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው። ገና ረፋድ ቢሆንም አስፋልቱ ይጋረፋል። ፊታችን የቆመው ዌይሞ ነው፣ ራሱን በራሱ የሚነዳ ታክሲ። ነጭ ጃጓር፣ ጣራው ላይ የሚሽከረከር ቆብ የደፋ። ቆቡ ላይ የስሜ መነሻ ፊደላት በርተዋል። እውነቱን ለመናገር ጉራም ነበረበት። ስንት ታክሲ እያለ እሱን የጠራሁት እማዬን «አየሽ አሜሪካን!» ልላት ፈልጌ ነው።

እሷ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለች። «የሰው ዘር የሌለበት መኪና ውስጥ አልገባም።» ለመንኳት፣ ቀለድኩባት፣ ትንሽም ተቆጣሁ። «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ማለትሽ ነው?» አልኳት። «አዎ፣ እንደሱ ነው» አለች፣ ምንም ሳታፍር። ጉዞውን ሰረዝኩት። መኪናው ፍሬቻ አብርቶ፣ ከኋላው የሚመጣውን አሳልፎ፣ እንደ ጨዋ ልጅ ቀስ ብሎ ወጣ። እማዬ እስኪሰወር ድረስ በዓይኗ ሸኘችው። «በስመ አብ» አለች።

ይሄ ነገር እስካሁን ይከነክነኛል። እምቢ ማለቷ አይደለም የከነከነኝ። ከዚያ አሥር ደቂቃ በፊት ያደረገችው ነው።

ባቡሩስ?

ከአየር ማረፊያው እዚያ ድረስ የመጣነው በስካይ ትሬን ነበር። ይህ ባቡር እንደ ፈረንጆቹ ከ2013 ጀምሮ ያለ ሹፌር ሰው ያመላልሳል፣ ያውም በነጻ። መንገዱ ከመሬት ከፍ ብሎ የተሠራ ነው። አንድ ቦታ ላይ አውሮፕላኖች ከሚመላለሱበት መንገድ በላይ ያልፋል። እማዬ ፊት ለፊት መስታወቱ ጋ ቆማ፣ ቦርሳዋን በብብቷ ይዛ፣ እንደ ሕፃን እያየች ነበር የመጣችው። ከሥራችን አውሮፕላን ሲያልፍ «ውይ፣ ታየዋለህ?» ብላ ጎሸመችኝ። ያኔ ስለ ሹፌር አንድም ቃል አልወጣትም።

እሷ ብቻ አይደለችም። የአትላንታ አየር ማረፊያ ባቡር ከ1980 ጀምሮ ሹፌር የለውም። እኛ አካባቢ ከዱልስ አየር ማረፊያ ወደ አዲስ አበባ የሚበር ሰው፣ ፍተሻውን ካለፈ በኋላ ወደ በሩ የሚወስደው ባቡርም ከ2010 ጀምሮ የሚሄደው ራሱን በራሱ ነው። ዱባይ የሠሩ እህቶቻችን ስንቱን ዓመት በዱባይ ሜትሮ ተመላልሰዋል። እሱ ደግሞ ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2009 እንደ ፈረንጆቹ ነው፣ ያለ ሹፌር። አንዷም «እዚያ ባቡር ላይ ፈራሁ» ስትል ሰምቼ አላውቅም። የሚያወሩት ስለ ግፊያውና ስለ አየር ማቀዝቀዣው ነው።

ለዚህ ነው ጥሩ ወጥመድ ያገኘሁ የመሰለኝ። ዌይሞ ሄዶ ሌላ መኪና ጠርቼ ተሳፈርን። ሹፌሩ ሐበሻ ሆኖ ተገኘ፤ አየር ማረፊያ አካባቢ ይሄ ብርቅ አይደለም። ልጁ ተጫዋች ነው፣ ግን ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ በአንድ እጁ ነው የሚነዳው። መብራት ላይ ስልክ፣ ከመብራት ሲነሳም ስልክ። እኔ ከኋላ ሆኜ እግሬ ባዶ ወለል ላይ ፍሬን ይረግጣል። እማዬ ጋቢና ተቀምጣ፣ ተደላድላ፣ የአገሩን ስም ትጠይቀዋለች።

«ልጆች አሉህ?»

«ሁለት አሉኝ እማማ። ትንሿ ገና ዓመቷ ነው።»

«ይኸው!» ብላ ወደ እኔ ዞረች፣ ክርክር እንዳሸነፈ ሰው። ምኑ ይኸው እንደሆነ አልገባኝም።

እኔም ወጥመዴን አወጣሁ። «እማዬ፣ ቅድም የመጣንበት ባቡር እኮ ሹፌር አልነበረውም።»

«አውቃለሁ።»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ፊት ለፊት ቆሜ አልነበር እንዴ? ማን ነበር ከፊቴ?»

ዝም አልኩ። ሹፌሩ ሳቀ። እሷ ቀጠለች። «ባቡር መንገዱ ይዞታል። ቢፈልግስ የት ይሄዳል? መኪና ግን ሲነዳ ሁሌ ይመርጣል።»

በነገራችን ላይ ስካይ ትሬን የሚሄደው በጎማ ነው። እኛ የምናውቀው ዓይነት ሐዲድ የለውም፣ መሃል ላይ የሚመራው ብረት እንጂ። ግን ያለችው ነገር ከብረቱ ጋር ጉዳይ የለውም። ባቡሩ የሚወስነው መቼ ልነሳ፣ መቼ ልቁም የሚለውን ነው። መንገድ ላይ የወጣ መኪና ግን ድንገት የሮጠ ሕፃን፣ ያመነታ ሽማግሌ፣ ቀዩን ጥሶ የመጣ ጎረምሳ ያጋጥመዋል። እማዬ ይህን በአንድ አረፍተ ነገር ጨረሰችው። እኔ ለመድረስ ወራት ፈጀብኝ።

ሽንኩርት እየተከተፈ

ማታ አክስቴ ቤት ሴቶቹ ሽንኩርት ይከትፋሉ። ለሠርግ የሚከተፍ ሽንኩርት ጓዳውን ብቻ ሳይሆን ሳሎኑንም ያስለቅሳል። እኔ አፍንጫዬን እየጠረግሁ ነገሩን እንደገና አነሳሁት። እልህ ይዞኛል።

«ያ ልጅ መንገዱን ትቶ ስልኩን ሲያይ አላየሽም?»

«አይቻለሁ። ልቤ ቆሞ ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ከእሱ ማሽኑ አይሻልም? ማሽን ስልክ አያይ፣ አይሰክር፣ ጫት አይቅም።»

ቢላዋዋን አቆመች። እንባዋን በክንዷ ጠረገች። የሽንኩርቱ ነው።

«እሱ ሁለት ልጆች አሉት» አለች። «ቢያጠፋ አብሮኝ ነው የሚሞተው። ያንን ያውቃል፣ ይፈራል። ያ ነጩ መኪና ምን ይፈራል? የማይፈራ ነገር እንዴት አድርጎ ይነዳኛል?»

አክስቴ «ፈሪ ለእናቱ ይባል የለ!» ብላ ሳቀች። ሌሎቹም ሳቁ። እኔ ግን በሐሳቤ ከዓመታት በፊት ወዳየሁት ጣርማበር ተመለስኩ።

ዘጠኝ ዓመቴ ቢሆን ነው። ወደ ደሴ፣ ወደ አያቴ ነበር የምንሄደው። ከደብረ ብርሃን በኋላ ጉሙ እየወፈረ መጣና ከመስኮቱ ውጭ ነጭ ነገር ብቻ ሆነ። ዋሻው ጋ ሳንደርስ ሹፌሩ አውቶቡሱን ዳር አቆመ። ወፍራም፣ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ነው። ወረደ። ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ። ረዳቱን አንድ ነገር አዘዘው። ከዚያ ፊቱን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣ አማተበ። አውቶቡሱ ውስጥ የሚያወራው ሁሉ ፀጥ አለ። እኔ ሹፌሩ ከፈራ አለቀልን ብዬ የእማዬን ቀሚስ ጨመደድኩ። እሷ ግን ያኔ ነው ነጠላዋን ተከናንባ፣ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ እንቅልፍ የወሰዳት። ደብረ ሲና ስንደርስ ነው የነቃችው።

ያን ጊዜ ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን የገባኝ ይመስለኛል። ስትጨነቅ የቆየችው ሰውዬው ገደሉን እንደ እሷ ያየው እንደሆነ ስላላወቀች ነው። ሲያማትብ አየችው። በቃ፣ ተኛች።

አገር ቤት ስንሳፈርም እንደዚሁ ነች። ኮተቤ ላይ ሦስት ሚኒባስ ቆሞ፣ ወያላው «መገናኛ! መገናኛ! የሞላ!» እያለ እየጎተታት፣ እሷ ቀድማ የሹፌሩን ፊት ታያለች። ዓይኑ ከቀላ ታልፈዋለች። ልጅ ከሆነ ታልፈዋለች። ፀጉሩ ሸበቶ ከሆነ ጋቢና ትገባለች። የታክሲው ጎማ የተላጨ ይሁን አይሁን አይታ አታውቅም።

ብቻዬን

ሠርጉ የነበረው ቴምፒ ነው፣ ፊኒክስን ተጠግታ ያለች ከተማ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ እማዬን ከአክስቴ ጋር ልኬ እኔ ዌይሞ ጠራሁ። ለመፈተን ነው። እሷን ሳይሆን ራሴን።

ከኋላ ገባሁ። በስሜ ጠርቶ ሰላም አለኝ፣ ቀበቶ እሰር አለኝ። ስክሪኑ ላይ «ጀምር» የሚለውን ነካሁ። መሪው ብቻውን ዞረ። የሰው እጅ ሳይነካው የሚዞር መሪ ማየት... እንዴት እንደምነግራችሁ አላውቅም። የሞተ ሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲወዛወዝ ነው የሚመስለው። ሁለት መገናኛ መንገድ እስክናልፍ ድረስ ዓይኔን ከመሪው አላነሳሁም። ከዚያ ስክሪኑን ማየት ጀመርኩ። በዙሪያችን ያለውን ሁሉ ይስላል። መኪናው፣ ብስክሌቱ፣ ዳር የቆመው ሰው። እኔ በጨለማው ያላየኋት አንዲት ሴትዮ ከዛፍ ሥር ወጥታ ልትሻገር ስትል እሱ ቀድሞ ቀዝቅዟል። ፍሬን መያዙን እንኳን አላወቅኩትም። «ወራጅ አለ!» ማለት አያስፈልግም፣ ለዚያም ስክሪኑ ላይ ቁልፍ አለው። አክስቴ ቤት ስደርስ ሃይማኖት እንደ ቀየረ ሰው ሆኜ ነበር።

ከሙሽራዋ ሚዜዎች መሃል ነርስ የሆነች ልጅ ነበረች፣ ማታ ማታ የምትሠራ። ይሄንኑ ስናወራ «እኔ ደግሞ የምወደው ሹፌር ስለሌለው ነው» አለችኝ። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ብቻዋን ስትሳፈር የት ትኖሪያለሽ፣ ባል አለሽ ወይ የሚላት የለም። በመስታወት የሚያያት የለም። እማዬ የምትፈልገውን ያንኑ ፊት እሷ ትሸሸዋለች። ይሄንን ለእማዬ ነግሬያታለሁ። «እሷስ እውነቷን ነው» አለች። ግን ሐሳቧን አልቀየረችም።

ያቺ ከተማ ራሷ ታሪክ አላት። በመጋቢት 2018 እዚያው ቴምፒ ውስጥ የኡበር የሙከራ መኪና በሌሊት ብስክሌቷን እየገፋች የምትሻገር ሴት ገጭቶ ገደለ። ራሱን የሚነዳ መኪና እግረኛ ሲገድል የመጀመሪያው ነው። መርማሪዎቹ ያገኙት ነገር ያስገርማል። ማሽኑ ሴትዮዋን ከ5 ሰከንድ በላይ ቀድሞ አይቷታል። ግን ምን እንደሆነች መወሰን አቃተው። አንዴ መኪና ይላታል፣ አንዴ ሌላ ነገር፣ አንዴ ብስክሌት። ከመሪው ጀርባ ደግሞ ሰው ነበረ፣ ለዚሁ ተብሎ የተቀጠረ። እሷ ስልክ ላይ ነበረች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንደሚባለው፣ ማሽኑ ይነዳል ብላ ተዘናግታ ነበር። በመጨረሻ ጥፋተኛ ነኝ ብላ የተቀጣችው እሷ ናት። ኩባንያው በወንጀል አልተከሰሰም።

የእማዬን ሚዛን እዚህ ላይ ሳስቀምጠው ይንገዳገዳል። መሪው ጋ ሰው ነበረ። የሚሞት፣ የሚፈራ ሰው። ጠባቂዋ ግን መፍራቷን ለማሽኑ አስረክባ ነበር። ለእኔ ከሁለቱም የሚያስፈራው ይሄ መሃሉ ነው።

ቀዩ መስመር

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ሥራ የምሄደው በዋሽንግተን ሜትሮ ቀዩ መስመር። እማዬ «ባቡር መንገዱ ይዞታል» ስትል አፌ ላይ መጥቶ የዋጥኩት ነገር ነበር።

ሰኔ 22 ቀን 2009 እንደ ፈረንጆቹ፣ ታኮማና ፎርት ቶተን የሚባሉት ጣቢያዎች መሃል አንድ ባቡር ቆሞ ነበር። ሌላው ከኋላው መጣ። ያኔ የዋሽንግተን ባቡሮች ፍጥነታቸውን የሚቆጣጠረው ኮምፒዩተር ነው፣ አሽከርካሪዋ በር ትከፍታለች፣ ትዘጋለች፣ ትጠብቃለች። ሐዲዱ ላይ ያለው መሣሪያ ተበላሽቶ የቆመውን ባቡር አላየውም። ለኮምፒዩተሩ መንገዱ ባዶ ነው። ዘጠኝ ሰው ሞተ። አንዷ አሽከርካሪዋ ናት። የድንገተኛ ፍሬኑን ይዛዋለች፣ ግን ጊዜ አልነበራትም።

ከዚያ በኋላ ሜትሮ ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ባቡሩን ለሰው መለሰ። አሥራ አምስት ዓመት። በዚያ ሁሉ ጊዜ ጣቢያ በደረስን ቁጥር እየተንገጫገጭን፣ ቋሚውን ብረት እየተናነቅን፣ ሰው እየነዳን ኖርን። በታኅሣሥ 2024 ቀዩ መስመር ወደ ኮምፒዩተሩ ሲመለስ ወሬውን ያወቅነው በአቋቋሙ ነው። ባቡሩ ድንገት ለስላሳ ሆነ። አጠገቤ የቆሙ አሮጊት «ዛሬ የሚነዳው ጎበዝ ነው» አሉ በእንግሊዝኛ። እኔ ግን ታኮማን ስናልፍ እስካሁን ወደ ፊት አያለሁ። የሚታይ ነገር የለም። አያለሁ።

እና አሽከርካሪዋን አስባለሁ። ፍሬኑን የያዘችው ስለፈራች ነው። ሕይወት ላያተርፍ ይችላል፣ ግን ያ ባቡር ውስጥ ሊሆን ያለውን ያየ አንድ ነገር ቢኖር እሷ ናት።

ቁጥሩ ከማን ጋር እንደሆነ አውቃለሁ። አሜሪካ ውስጥ በየዓመቱ በመኪና አደጋ 40 ሺህ ገደማ ሰው ይሞታል፣ አብዛኛው በእኛው በሰዎች ጥፋት። ዌይሞ ያወጣው ጥናት መኪኖቹ እግረኛ የሚያቆስሉት በሰው ከሚነዱት በ92 በመቶ ያነሰ ነው ይላል። ጥናቱ የራሱ ነው፣ ይሁን። ቢጋነን እንኳን ግማሹ ትልቅ ነገር ነው። ሆኖም ትሪፕል ኤ የሚባለው የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ2025 የአሜሪካ ሹፌሮችን ሲጠይቅ፣ ራሱን በሚነዳ መኪና ለመሳፈር እተማመናለሁ ያሉት 13 በመቶ ናቸው። ከአሥሩ ስድስቱ እፈራለሁ ብለዋል። እማዬ ከብዙኃኑ ጋር ነች ማለት ነው። ሰው ቁጥር ስላልገባው ነው የሚሉ አሉ። እኔ እንጃ። ቁጥሩ ስንት ሰው እንደሚሞት ነው የሚናገረው። የእማዬ ጥያቄ ሌላ ነው። አብሮኝ ማን አለ ነው የምትለው።

ዌይሞ በ2026 ዋሽንግተን እገባለሁ ካለ ወዲህ እዚህ የሐበሻ ካፌ ውስጥ ሌላ ወሬ የለም። ታክሲ ነጂው በዛ፣ ኡበር የሚነዳው በዛ፣ ሁሉም እንጀራው ነው። ግን አንዱ ወዳጃችን፣ ሃያ ዓመት የነዳ፣ ማኪያቶውን እያማሰለ «እኔ ተሳፋሪ ብሆን እሱን ነው የምጠራው» አለ። «ለምን?» «ስለማይጨቀጭቀኝ።» ጠረጴዛው በሳቅ ተነቃነቀ። ቀጥሎ ግን ቀስ ብሎ «ደግሞ አይደክመውም» ሲል ማንም አልሳቀም። የነዳን ሁሉ ገብቶናል።

ያልነገርኳት

እኔም ስድስት ዓመት ታክሲ ነድቻለሁ። እማዬ ይህን ታውቃለች። የማታውቀው አንድ ሌሊት አለ።

አሥራ አራት ሰዓት ነድቼ፣ ሊነጋ ሲል አንድ ሰውዬ ወደ ዱልስ ጫንኩ። ከኋላ ገብቶ ወዲያው አንኮራፋ። አምኖኛል። ሀይዌይ 66 ላይ የሆነ ቦታ ጎማዬ የመንገዱን ዳር ሲረግጥ፣ መኪናው «ጉርርር» ሲል ነቃሁ። ለምን ያህል ጊዜ ተኝቼ እንደነበር አላውቅም። ሁለት ሰከንድ? አምስት? ሰውዬው አልነቃም። አድርሼው ጉርሻ ሰጠኝ፣ «ጥሩ ነዳህ» ብሎ። መኪና ማቆሚያ ገብቼ እጄ መንቀጥቀጡን እስኪያቆም ቁጭ አልኩ።

ከዚያ በኋላ ፈሪ ሆንኩ። እማዬ የምትወደው ዓይነት። ስምንት ሰዓት ሲሞላኝ ወደ ቤቴ እገባለሁ። ሦስት ወር ያህል ቆየልኝ። ከዚያ የቤት ኪራይ ደረሰ፣ አንድ ሰዓት ጨመርኩ። ከዚያ ሌላ አንድ ሰዓት። ፍርሃቱ የት እንደሄደ አላውቅም፣ ሲሄድም አልተሰናበተኝም።

እማዬ ወደ አገሯ የተመለሰች ቀን ወደ ዱልስ የነዳኋት እኔ ነኝ። ሻንጣ ስናስር፣ ስንመዝን፣ አውጥተን እንደገና ስንመዝን ሌሊቱ አልቋል። ገና ጎህ ሲቀድ ወጣን። እሷ ጋቢና ነች። እንደ ወትሮው መንገዱን የምታይ መስሎኝ ነበር፣ ለካ የምታየው እኔን ነው። ወሬዋን አታቋርጥም። ስለ ጎረቤት፣ ስለ ዕድር፣ ስለ ጤፍ ዋጋ። ዝም ስል ትጠይቀኛለች።

«ሌሊት ተኝተሃል?»

«አዎ፣ ተኝቻለሁ።»

ፊቴን ትንሽ አየችው። ከዚያ ቦርሳዋን ከፍታ በላስቲክ የተቋጠረ ቆሎ አወጣች። እጄን ከመሪው ላይ አንስታ መዳፌን ሞላችልኝ።

«ቆርጥም» አለችኝ። «እንቅልፍ እንዳይወስድህ።»